ዝናብ የመታው ጠመንጃ ቤት ሲገባ

በከተማ የምንኖር ብዙዎቻችን ጠመንጃ የለንም፤ የቤተሰባችን ጠመንጃ ግን አለ። አያት ቤት፣ መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም ከቁም ሣጥን ጀርባ ቆሞ እናገኘዋለን። አንዳንዱ በአድዋ ዘመን ስሙ የገነነው ውጅግራ ነው፤ አንዳንዱ ለጅግራና ለቆቅ የተገዛ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነው። ዘመድ ሲሰበሰብ ይወርዳል፣ ይወለወላል፣ ታሪኩ ይወራለታል።

ፈቃድ ያለው አጎት ወይም አባት ይዞት ወጥቶ ዝናብ የመታው ዕለት ግን ነገሩ ይለወጣል። ማታ ሁሉም ሰው ርሶና ርቦት ይገባል፤ ልጆች ወደ በሩ ይሮጣሉ፤ ቡናው ይቆላል። ጠመንጃው በር ጥግ ተደግፎ ይረሳል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ብረቱ መዛግ ይጀምራል፤ ከዚያ የባሰው ግን ያልተራገፈ ጥይት ውስጡ ሊኖር መቻሉ ነው። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ ዝናብ የመታው ጠመንጃ ከቡና በፊት ይራገፋል፣ ይደርቃል፣ ይቆለፍበታል።

ጨፋና ሁለቱ እርጥበቶች

ጨፋ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በደሴ መንገድ ላይ በምትገኘው በከሚሴ ዙሪያ የተዘረጋ ሜዳማ ሸለቆ ነው። ከወሎ ደጋ የሚወርደው ቦርከና ወንዝ ያቋርጠዋል። በበጋ አርብቶ አደሮች ሣርና ውሃ ፍለጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ይመጡበታል። በክረምት ደግሞ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ ጥቁሩ ዋልካ ጫማ ላይ ከተጣበቀ አይለቅም። አካባቢው በልግም ስላለው ዝናቡ የሐምሌና የነሐሴ ብቻ አይደለም፤ መጋቢትና ሚያዝያም ያርሳሉ።

ሁለተኛው እርጥበት ከሰማይ አይወርድም። ከአዲስ አበባ ሲመጡ በጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ብርድና ጉም ውስጥ ያልፋሉ፤ ከዚያ ቁልቁል ወርደው 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከሚሴ ሞቃት አየር ይገባሉ። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደሚያልበው ሁሉ፣ በመኪና ኮፈን ውስጥ የቀዘቀዘ ብረትም ሙቀት ሲያገኝ ያልበዋል። ጠብታ ዝናብ ሳይነካው የዛገ ጠመንጃ ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እንደደረሱ ከሽፋኑ አውጥተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት።

ከመውጣት በፊት

ወረቀቱ ይቅደም። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጠመንጃ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ «የአባቴ ነበር» ማለት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። የወረሱት ጠመንጃ ካለ ወደ ፖሊስ ቀርበው ይጠይቁ፤ በመኪና ይዘው ከመንቀሳቀስዎም በፊት እንዲሁ። አደኑ ራሱ በዱር እንስሳት ሕግ ስለሚገዛ የራሱ ፈቃድ አለው። የት፣ መቼና ምን ማደን እንደሚቻል የሚመለከተውን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ሁኔታም ከመነሳትዎ በፊት ያጣሩ።

ለዝናብ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፦ ሁለት ሦስት ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ለአፈሙዙ ልክ የሆነ መወልወያ ዘንግ፣ የጠመንጃ ዘይት፣ ጥይት የሚይዝ ክዳኑ የሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ። የጠመንጃ ዘይት ካልተገኘ የልብስ ስፌት ማሽን ቀጭን ዘይት ለጊዜው ያገለግላል። ቅቤና የምግብ ዘይት ግን አይቀቡት። ሲውል ሲያድር ይሟጨሟጫል፣ አቧራ ይሰበስባል፤ ቅቤው ጨው ካለበት ደግሞ ዝገቱን ራሱ ይጠራዋል።

ሜዳ ላይ

ከዝናቡ ይልቅ የሚያስፈራው ጭቃው ነው። ተንሸራትተው አፈሙዙ ዋልካ ውስጥ አንዴ ከገባ ትንሽ ጭቃ ብቻ በቂ ናት። ተኩሱ መውጫ ሲያጣ ብረቱን ያሳብጠዋል ወይም ይሰነጥቀዋል፤ ግራ እጅ ደግሞ የሚይዘው እዚያው አጠገብ ነው። ስለዚህ ከወደቁ፣ ቦይ ከዘለሉ ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ካለፉ በኋላ ጥይቱን አውጡና በሁለቱም አፈሙዝ ውስጥ ብርሃን እያዩ አሾልቁ። ቦይ ከመሻገር በፊትም ጥይት ይወጣል።

ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ተከፍቶ ክንድ ላይ ሲያርፍ ባዶ መሆኑን ሁሉም ያያል። «ዝናብ ይገባበታል» ብለው አይዝጉት። የገባው ውሃ ማታ ይጠረጋል። አፈሙዙን ከዝናብ ለመከላከል ቀጭን ፌስታል ማጥለቅ ይቻላል፤ ጥይት ከመግባቱ በፊት ግን መውለቁን አይርሱ።

አማርኛችን ያልተሳካ ዕቅድን «ከሸፈ» ይላል፤ ጥይት አልተኩስ ሲልም ቃሉ ይኸው ነው። የዛሬው ፕላስቲክ ለበስ ጥይት ዝናብን በደንብ ይችላል፤ የድሮው ባለ ወረቀት ቀለህ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ወይ አይገባም ወይ ገብቶ አይወጣም። ጥይት ከከሸፈ ቶሎ አይክፈቱ። ዘግይቶ ሊተኩስ ስለሚችል አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ተኩሶም ድምፁ ደከም ያለ ከሆነ ሁለተኛውን አይተኩሱ፤ የመጀመሪያው ቅሪት አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ወይም የዛገ ጥይት ለሌላ ጊዜ ተብሎ አይቀመጥም፤ ቆሻሻ ውስጥም አይጣልም፤ እንዴት እንደሚወገድ ፖሊስ ይጠየቃል።

ከቡና በፊት

ቤት ሲደርሱ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ።

1. ደጅ ላይ ሆነው ጠመንጃውን ይክፈቱ፤ ጥይት ያውጡ፤ ሁለቱንም ጎሬ በዓይን አይተው በጣትም ዳስሰው ያረጋግጡ። ጥይቶቹን ቆጥረው ወደ ሌላ ክፍል ይላኩ።

2. በአሠራሩ መሠረት ይፍቱት፦ አፈሙዙ፣ የፊት እንጨቱ፣ ሰደፉ ከነመዝጊያው። የተጠራቀመውን ውሃ ያራግፉና ሁሉንም በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። በሁለቱ አፈሙዞች መጋጠሚያ ላይ ያለችው ስንጥቅና የምላጩ ዙሪያ ውሃ ይደብቃሉ።

3. ደረቅ ጨርቅ በዘንግ ከጥይቱ ጎሬ ወደ አፈሙዙ ጫፍ ይግፉ፤ ጨርቁ ደርቆና ነጥቶ እስኪወጣ ይደጋግሙ።

4. ለጥቂት ሰዓት አየር በሚያገኝ ክፍል ይተዉት። ከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ እንጨቱ በፍጥነት ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

5. ከደረቀ በኋላ ቀጭን ዘይት ይቀቡ። ቀጭን ማለት ጣት ሲነካው የሚታወቅ፣ የማይንጠባጠብ ማለት ነው። ዘይት ሲበዛ ወርዶ ሰደፉን ያበሰብሳል።

6. በማግስቱ አንዴ፣ በሳምንቱ አንዴ እንደገና ይዩት። የተደበቀ ውሃ ዝገቱን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ወዙ ከጠፋ አናጢዎች የሚጠቀሙበት የተልባ ዘይት በጥቂቱ ይበጀዋል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ግን ጠቅልለው አይጣሉ፤ ተጠቅልሎ ሲቀር ራሱን አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት።

የቆዳም ሆነ የሸራ ሽፋን ርሶ ከሆነ ተገልብጦ ለብቻው ይደርቃል። የደረቀ ጠመንጃ እርጥብ ሽፋን ውስጥ መክተት የደከሙበትን ሁሉ በአንድ ሌሊት ያጠፋል።

ገበታውና ልጆቹ

ጠመንጃ የሚወለወልበት ጠረጴዛ የምግብ ጠረጴዛ አይሁን። ከተኩስ የሚቀረው ጥላሸት እርሳስ አለበት፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ የትንንሽ ልጆችን አንጎል ይጎዳል። እኛ የምንበላው በእጃችን ነው። ስለዚህ የወለወለው ሰው እንጀራ ከመቁረሱ በፊት እጁን በሳሙና በደንብ ይታጠብ፤ ልብሱንም ይቀይር። ጨርቆቹን ልጆች ከማያገኙት ቦታ ያርቁ። የታደነ ወፍ ወደ ድስት ከመግባቱ በፊትም ፍንጣሪው የመታው ሥጋ ሰፋ ተደርጎ ተቆርጦ ይጣል።

ልጆች ሲወለወል ማየት ይፈልጋሉ። ከልክለው ቢያባርሯቸው ጉጉታቸው ይብሳል፤ ጥይቱ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ራቅ ብለው ቢያዩ ይሻላል። ሕጉንም በአጭሩ ይንገሯቸው፦ ጠመንጃ ካያችሁ አትንኩ፣ ከቦታው ራቁ፣ ትልቅ ሰው ጥሩ። ምክር ግን ቁልፍን አይተካም። ልጅ የተነገረውን ያውቃል፤ ብቻውን ሲሆን ግን እጁ ይቀድማል። ጠመንጃው በተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ የተቆለፈ ቦታ፣ ቁልፉ ባለፈቃዱ ኪስ ይሁን። ግድግዳ ላይ መስቀል ለእንግዳ ያምር ይሆናል፤ ወንበር ላይ ለሚወጣ የሰባት ዓመት ልጅ ግን ሩቅ አይደለም።

በሚቀጥለው ጊዜ ከሚሴ ሲወርዱ ጨርቁንና ዘይቱን ለአጎት በስጦታ ይውሰዱላቸው። አንድ ጠንካራ ቁልፍም ይጨምሩበት። ከስኳሩና ከቡናው ጋር አብረው ሲያቀርቡት ቅር የሚላቸው አይመስልም፤ የጠመንጃውን ታሪክ ለልጆቹ የሚያወሩበት አንድ ምክንያት ደግሞ ያገኛሉ።