ስለ ወጪ መጋራት ዕዳና በዶሃ ስላሉ ምሩቃን

በዕለተ ዓርብ በመሰይሚር ከሚገኘው የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ቅዳሴ አስቀድሰን ስንወጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በበሩ አጠገብ ትጠብቅ የነበረች አንዲት ወጣት ቀርባ ከተሳለመችኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ለፋሲካ አዲስ አበባ ይሄዳሉ ሲሉ ሰማሁ፤ ውክልና ልስጥዎትና ኮስት ሼሪንጌን ይክፈሉልኝ፤ ገንዘቡ አለኝ፣ ያጣሁት የሚቀበለኝን ነው» አለችኝ። ይህች ልጅ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንደኛው አካውንቲንግ ተምራ በማዕረግ የተመረቀች ስትሆን፣ ዛሬ በወክራ በአንድ ቤተ ሰብ ዘንድ ልጅ እያሳደገችና ቤት እያጸዳች ትኖራለች፤ ዋናው ዲግሪዋ ግን ዕዳዋን እስክትከፍል ድረስ በሬጅስትራሩ መዝገብ ቤት ተይዟል። ባለዕዳ ገንዘቡን ይዞ ለመክፈል ሲለምን መስማት እንግዳ ነገር ስለ ሆነብኝ ነገሩን ትቼ ለማለፍ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም፤ ከዚያም ወዲህ በናጅማና በመንሱራ፣ በሰናያ ባለው የሠራተኞች መኖሪያም ጭምር ያገኘኋቸውን ምሩቃን ስለዚሁ ዕዳ እየጠየቅሁ ቆየሁ።

ወጪ መጋራት ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ መተረክ አያሻም፤ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ የውሉን ቅጽ ሞልቶ ፈርሟልና። የፈረመው ሁሉ የነገሩን ጥንት መርምሯል ማለት ግን ስላልሆነ፣ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል።

በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ትምህርት በዕዳ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ የሚሄደው ደቀ መዝሙር ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ በእመቤታችን ስም በየደጁ እየለመነ ቁራሹን ይሰበስባል፤ መምህሩም ዋጋ ሳይቈርጥ ከጉባኤው ያስገባዋል፤ ባላገሩም ከልጆቹ ማዕድ ከፍሎ የሰጠውን ቁራሽ በመዝገብ አያሰፍረውም። ተማሪው ዘመኑን ፈጽሞ መምህር በተባለ ጊዜ የሚጠበቅበት ብድራት፣ እርሱም በተራው ወንበር ዘርግቶ ከኋላው የመጣውን ማስተማር ነበረ። የዚያ ሥርዓት መከራው ብዙ ነው፤ ረኀቡን፣ የውሻውን ንክሻ፣ በየጎጆው በተስቦ ያለቁትን ሕፃናት የሚያስብ ሰው እንዳለ ይመለስ ብሎ አይመኝም። ነገር ግን በሥሩ የነበረው አሳብ፣ ይኸውም ዕውቀት ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ላበላው ሕዝብ ሁሉ የተሰጠ ጸጋ ነው የሚለው እምነት፣ ከሊቃውንቱ ጉባኤ ቤት ወጥቶ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ካቋቋሙት ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በ1917 ዓ.ም. ከተከፈተው ከተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘልቋል።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መኝታቸውም ምግባቸውም ከመንግሥት ነበረ። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በተቋቋመው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከተጠቃለለ በኋላ ደግሞ፣ በ1957 ዓ.ም. ገደማ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ሥርዓት ተጀመረ፤ በዚህም ተማሪው ከመመረቁ አስቀድሞ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወርዶ፣ አብዛኛው በመምህርነት፣ ሕዝቡን እንዲያገለግል ይላክ ነበር። በእኔ አስተያየት በአገራችን ከታዩት ብድራት የመመለሻ መንገዶች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው፤ ተማሪው የተቀበለውን በተቀበለው ዓይነት፣ ዕውቀትን በዕውቀት፣ ይከፍል ነበርና። ያን ዓመት በገጠር ከርመው የተመለሱት ወጣቶች የድኻውን ኑሮ በዓይናቸው አይተው ስለ ተመለሱ፣ በኋላ ለመጣው ለውጥ ይህ አገልግሎት ያደረገው አስተዋፅኦ ራሱን የቻለ መጽሐፍ የሚወጣው ነው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ዛሬ በአገራችን ወሰን ውስጥ ካሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩት የአዲስ አበባውና የዓለማያው ብቻ ሲሆኑ፣ ዛሬ ቁጥራቸው ከ40 በላይ ነው። ይህን ሁሉ ተማሪ ከግምጃ ቤት እያወጡ ማብላትና ማስተማር እንደማይቻል የታሰበው ገና መስፋፋቱ ሲጀመር ነው። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረውን፣ ተማሪው ከተመረቀና ገቢ ካገኘ በኋላ በግብር መልክ የሚከፍልበትን ሥርዓት ከነደፉት አንዱ የሆኑት የምጣኔ ሀብት ሊቅ ብሩስ ቻፕማን ለኢትዮጵያም በዚሁ ነገር ጥናት አቅርበው ነበር። የአሳቡ አጥንት አንድ ነው፦ ያገኘ ይክፈል፣ ያላገኘ እስኪያገኝ ይቆይ።

በዚህ መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995ን አወጣ፤ በኋላም በደንብ ቁጥር 154/2000 ተተካ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲጋራ፣ ከተመረቀም በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈለ ቢበዛ በ15 ዓመት ውስጥ እንዲጨርስ ተደነገገ፤ መምህር ሊሆን የሠለጠነው ደግሞ ዕዳውን በገንዘብ ሳይሆን በማስተማር እንዲወጣ ተፈቀደለት፤ የቀድሞው የአገልግሎት መንፈስ በዚህች አንቀጽ ብቻ ተረፈ። የደንቡን አሳብ እኔ አልነቅፈውም። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለመላክ ያልበቃው ገበሬ የሚከፍለው ግብር የተማረውን ሰው ካበላ፣ የተማረው ሰው ባገኘ ጊዜ ጥቂቱን ቢመልስ ከፍትሕ አይወጣም።

ጥፋቱ የገባው በአሠራሩ ነው። ቀጣሪው ከደመወዝ እየቀነሰ ለግብር ሰብሳቢው እንዲያስገባ የታሰበው ሥርዓት ደመወዙ በመዝገብ የሚታወቀውን የመንግሥት ሠራተኛ ሲይዝ፣ በግሉ ሥራ የተሠማራውን፣ ሥራ ያጣውንና ከአገር የወጣውን ሳይዝ ቀረ፤ በዚህ ጊዜ ዋናው ዲግሪና ወደ ሌላ ተቋም የሚላከው ትራንስክሪፕት መያዣ ሆኑ። ተመራቂው ቴምፖራሪ የሚባለውን ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ዋናውን የሚያገኘው ዕዳውን መክፈሉን ወይም ከዕዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ሲያቀርብ ነው። እንግዲህ ደንቡ ክፈል የሚለው ካገኘኸው ገቢ ሲሆን፣ አሠራሩ ክፈል የሚለው ገቢውን የምታገኝበት ወረቀት በእጅህ ሳይገባ ነው። አራጣ አበዳሪም ቢሆን የገበሬውን በሬ በመያዣ ይወስድ ይሆናል እንጂ፣ ማረሻውን ቆልፎ እርሻህን አርሰህ ክፈለኝ አይልም።

አዲስ አበባ በደረስሁ ጊዜ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አንድ ባለሥልጣን ከቢሯቸው አግኝቼ፣ ከተበደሩት ምሩቃን ምን ያህሉ እንደ ከፈሉ፣ በውጭ አገር ያሉትስ በምን መንገድ ሊከፍሉ እንደሚችሉ ጠየቅኋቸው። በትሕትና ተቀብለው ሻይ አስመጡልኝ፤ ጥያቄውን በደብዳቤ እንዳቀርብ አዘዙኝ፤ በደብዳቤ አቀረብሁ፤ ይህ ጽሑፍ እስኪታተም ድረስ መልስ አልመጣም።

የወክራዋን ልጅ ቃል አብዝቼ ማምጣቴን አንባቢ ይፍቀድልኝ፤ ነገሩን ከእርሷ ይልቅ አጥርቶ የነገረኝ የለምና። «አባቴ በሬ ሸጦ ነው የላከኝ» አለችኝ፤ «መንግሥት ዕዳ አለብሽ ሲለኝ አልተቈጣሁም፤ በልቻለሁ፣ ተኝቻለሁ፣ ተምሬያለሁ። ሥራ ፍለጋ ስዞር ግን ዋናውን ዲግሪ አምጪ አሉኝ፤ ዲግሪውን ስጠይቅ መጀመሪያ ክፈዪ አሉኝ። ከምን ልክፈል? ሁለት ዓመት ተመላልሼ ፓስፖርት አወጣሁ።» የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለተጓዡ የሠራው የትምህርት ደረጃ 8ኛ ክፍል ነበር፤ እርሷም ይህን አንሥታ «አሥራ አምስት ዓመት ተምሬ ሰባቱን ደብቄ መጣሁ» አለችኝ። የማዳሟን ልጅ ሒሳብ የምታስጠናው እርሷ ናት። «አንድ ቀን ማዳሜ ወረቀቴን አሳዪኝ አለችኝ፤ ጊዜያዊ የሚለውን አነበበችና ‹ጊዜው አላለፈም ወይ?› ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ከሻንጣዬ አላወጣሁትም።»

ዕዳዋ ከሃያ ሺህ ብር አይበልጥም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ፣ አንድ ዶላር በ3.64 ሪያል በሚመነዘርባት በኳታር ይህ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ለማንኛውም ሠራተኛ፣ ለቤት ሠራተኛም ጭምር፣ ከተወሰነው የ1,000 ሪያል ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ያነሰ ነው። በአንድ ወር ደመወዝ የሚዘጋ ዕዳ የአንዲትን ልጅ ሙያ ለዓመታት ዘጋ። በኳታር ሕግ ደግሞ በሙያ ለመቀጠር ዲግሪው በአዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኳታር ኤምባሲ፣ ከዚያም በዶሃ መረጋገጥ አለበት፤ ጊዜያዊው ወረቀት ለዚህ አይበቃም። በሉሰይል በጥበቃ ሥራ ላይ ያገኘሁት አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ በሙያው ሊቀጥረው የፈቀደ ድርጅት አግኝቶ፣ ወንድሙ በውክልና ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመላለስ ቦታው በሌላ ሰው ተያዘ።

ታዲያ ዕዳው ይሰረዝ ወይስ አይሰረዝ? በኦሪት በየሰባቱ ዓመት ዕዳ የሚተውበት ዓመተ ኅድገት ተሠርቶ ነበር፤ በዘመናችንም በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን እ.ኤ.አ. በ2022 ለአንድ ተበዳሪ እስከ 10,000፣ ለአንዳንዱም እስከ 20,000 ዶላር ሊሰርዙ ያወጡትን ዕቅድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተከታዩ ዓመት ሰኔ ወር ሲሽረው፣ የዚህ ሥርዓት አገር የሆነችው አውስትራሊያ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ከተማሪዎቿ ዕዳ 20 በመቶውን በሕግ ቀንሳለች። እዚሁ ዶሃ፣ በኤዱኬሽን ሲቲ፣ ኳታር ፋውንዴሽን ለተማሪዎች ያለ ወለድ የሚያበድረውን ገንዘብ ምሩቁ በአገሪቱ ውስጥ ለተወሰኑ ዓመታት በመሥራት ሊወጣው ይችላል፤ ገነተ ልዑል ከስድሳ ዓመት በፊት የሠራውን ሥርዓት የሚመስል አሠራር በባዕድ አገር ሳገኘው ልቤ አዝኗል።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ለሁሉም በጅምላ መሰረዝ አይገባም፤ በሐቀኝነት የከፈለውን መቅጣት ወይም ገበሬውን ዳግመኛ ማስከፈል ይሆናልና። ነገር ግን 15 ዓመት ተቈጥሮ ገቢ ያላገኘ ሰው ዕዳ በሚዛን ቢታይ ዕዳው የራሱ ሳይሆን ሥራ ያላዘጋጀለት አገር ዕዳ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎችም ዘመኑን አልፈውታል። መዘግየትም አይገባም፤ ለብዙ ዘመን 15 ብር፣ በኋላም 22 ብር የነበረው የተማሪ የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ስለ ሆነ፣ የዛሬዎቹ ገቢ ተማሪዎች ዕዳ ከወክራዋ ልጅ ዕዳ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴርንና ገቢዎች ሚኒስቴርን የምለምነው ዲግሪው ለባለቤቱ እንዲሰጥና ዕዳው በስሙ ተጽፎ እንዲቆይ፣ ክፍያውን ከዶሃም ሆነ ከሌላ አገር ያለ ውክልና በባንክ እንዲቀበሉ፣ 15 ዓመቱን ያለ ገቢ የፈጸመውም ምሕረት እንዲያገኝ ነው። ወጪ መጋራት የሚተዳደረው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ስለ ሆነ፣ ይህን ሁሉ በማሻሻያ ደንብ ለመፈጸም ሥልጣኑ በዚያው ምክር ቤት እጅ ነው።