ከዲያብ ከተማ ማምለጥ

«ከዲያብ ማምለጥ» በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ዲጄ ጤነኛና ስፖርተኛ ልጅ ነው። ባልጠበቀው አጋጣሚ ክፉ ንጉሥ በሚገዛት ዲያብ በምትባል ከተማ ራሱን ያገኘዋል። እዚያ ያሉት ልጆች ከአመጋገባቸው የተነሳ ሮጠው የሚያመልጡበት ጉልበት የላቸውም። ተጫዋቹ ዲጄን ሆኖ ጓደኞቹን በደንብ ያበላል፣ ያሠለጥናል፤ ሲበረቱ ይዟቸው ለመውጣት ይታገላል።

ጌሙን የሠራው አሜሪካ፣ ሂዩስተን የሚገኘው አርኪሜጅ የተባለ ኩባንያ ነው። ሳይንሱ ደግሞ የመጣው በቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ይሠሩ ከነበሩት ከቶም ባራኖውስኪና ከባልደረቦቻቸው ነው። የታለመው ዓይነት 2 የስኳር በሽታን ከልጅነት ለመከላከል ነው። ዓይነት 1 ሰውነት በገዛ ቆሽቱ ላይ የሚዘምትበት ሕመም ስለሆነ ጎመን በመብላት አይቀርም። ዓይነት 2 ግን ሕዋሳት ለኢንሱሊን እየደነዘዙ ሲሄዱ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፤ ውፍረትና ቁጭ ብሎ መዋል ያፋጥኑታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ወደ በሽታው የተቃረቡ አዋቂዎች ክብደት ቀንሰው ሲንቀሳቀሱ አደጋው በ58 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል። ይህን ለአሥር ዓመት ልጅ መንገር ቀላል ነው፤ ጭንቁ ማስደረጉ ላይ ነው።

ብዙ «ትምህርታዊ» ጌሞች የክፍል ፈተናን ቀለም ቀብተው ያቀርባሉ፤ ልጆች ደግሞ ይህ ነገር ከሩቅ ይሸታቸዋል። የዲያብ ብልሃት ሌላ ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ ተጫዋቹ በእውነተኛው ሕይወቱ የሚፈጽመውን ግብ ይመርጣል፦ ለምሳሌ ነገ ምሳ ላይ አንድ ፍሬ መጨመር። ሲመለስ ጌሙ ይጠይቀዋል፤ ካልተሳካለት ምን እንዳደናቀፈው ለይቶ እንደገና እንዲያቅድ ይረዳዋል።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 12 የሆኑ 153 ልጆች ተሳትፈዋል። ዲያብንና ናኖስዋርም የተባለውን ተከታዩን ጌም የተጫወቱት የሚበሉት አትክልትና ፍራፍሬ በቀን በ0.67 ድርሻ ገደማ ጨመረ። የሚጠጡት ውኃ፣ እንቅስቃሴያቸውና የሰውነታቸው ይዞታ ግን አልተለወጠም። ለዚያ ሁሉ ድካም ጥቂት ነው ቢባል አልቃወምም።

ከዚያ በፊት በሱፐር ኒንቴንዶ የወጣው «ፓኪና ማርሎን» የተባለ ጌም የበለጠ ሠምሮለት ነበር። ጀግኖቹ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሁለት ዝሆኖች ናቸው፤ ተጫዋቹ ምግባቸውንና ኢንሱሊናቸውን እያመጣጠነ ይጫወታል። የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ 59 ልጆች በተሳተፉበት ጥናት፣ በስድስት ወር ውስጥ ጌሙን የተጫወቱት ልጆች ወደ ሐኪም የሚያደርጉት አስቸኳይ ጉዞ በ77 በመቶ ቀንሷል። ልዩነቱ ከየት መጣ? በእኔ ግምት ከጊዜው ነው። የታመመ ልጅ ኢንሱሊኑን ቢዘነጋ በሰዓታት ውስጥ ያውቀዋል። ጤነኛው ልጅ ግን ለዛሬው ለስላሳ መጠጥ የሚከፍለው ምናልባት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ያህል የሚታገሥ ተጫዋች ደግሞ የለም። ዲያብ ማምለጫውን ቅርብ ያደረገው ለዚህ ይመስለኛል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ጌም ሲጫወት ካያችሁ የመረጠውን ግብ ጠይቁትና ፍሬውን ቤት ውስጥ አኑሩለት። ብርቱካኑን ጌሙ አይገዛም።