ሊኑክስ በትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች፤ ለዕለታዊ እክሎች የሚሆኑ መፍትሔዎች

አንድ መምህር አንኮበር ላይ የመንፈቀ ዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና በኮምፒውተር ጽፎ፣ በፍላሽ ይዞ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ከሚገኝ የማባዣ ክፍል ይደርሳል እንበል። በክፍሉ ያለው ኮምፒውተር የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ፋይሉ ሲከፈት ግን በፊደል ፈንታ ትርጉም የለሽ የላቲን ሆሄያት ተደርድረው ይታያሉ። ፈተናው የሚሰጠው በማግሥቱ ነው። በዚህ ጊዜ «ሊኑክስ አማርኛ አያውቅም» ይባልና ኮምፒውተሩ ከአገልግሎት ውጭ ከሆኑት ጋር ይደረደራል። ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው።

ጉዳዩ ክብደት ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙዎቹን አሮጌ ኮምፒውተሮች አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1991 በፊንላንዳዊው ተማሪ በሊኑስ ቶርቫልድስ የተጀመረው ሊኑክስ ግን ያለ ክፍያ የሚገኝና በእነዚሁ መሣሪያዎች ላይ የሚሠራ በመሆኑ፣ በጀታቸው ውሱን ለሆነ ትምህርት ቤቶች ተገቢ አማራጭ ነው። ይሁንና መምህሩ ጥቂት ነገሮችን ማወቅ ይኖርበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ የፊደሉ ነገር ነው። በቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ሆሄያትን ቁጥር ነበር፤ የግዕዙን መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ብቻ ነው። ስለሆነም ያ ፎንት በሌለበት መሣሪያ ላይ ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ይቀራል፤ ይህም በዊንዶውስም ቢሆን የሚደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ስለ ሰጠ ችግሩ በመሠረቱ ተፈትቷል፤ ነገር ግን በአሮጌው ዘዴ የተጻፉ ፈተናዎች ዛሬም ከዓመት ዓመት እየተገለበጡ ይሠራባቸዋል። አሮጌውን ፎንት በየኮምፒውተሩ መጫን ችግሩን ማስተላለፍ እንጂ መፍታት አይደለም። የሚሻለው ፋይሉን በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዛወር፣ ወይም አጭር ከሆነ አንድ ጊዜ እንደገና መጻፍ ነው። ከተለወጠም በኋላ ቃል በቃል መታረም አለበት።

በዩኒኮድ የተጻፈም ቢሆን ሌላ እክል ይገጥመዋል። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለው ፎንት በሊኑክስ ላይ ስለማይገኝ ሌላ ይተካበታል። ፊደሉ ይነበባል፤ የመስመሩ ስፋት ግን ይለወጥና የጥያቄው ምርጫዎች ወደሚቀጥለው ገጽ ይንሸራተታሉ። ለዚህም በነፃ የሚገኙትን አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል.ን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን በሁለቱም ወገን መጠቀም፣ ለኅትመት የሚሄደውን ቅጂ ደግሞ ከጽሕፈቱ ቦታ ሳይነሡ ወደ ፒ.ዲ.ኤፍ. መለወጥ በቂ ነው።

በሊኑክስ ላይ ለመጻፍ፣ ለምሳሌ በኡቡንቱ፣ አይባስ ኤም 17 ኤን የተባለውን ጥቅል ጭኖ፣ ወጥቶ እንደገና ከገቡ በኋላ ከኪቦርድ ማስተካከያው ውስጥ አማርኛን «ሴራ» ከተባለው ስልት ጋር መምረጥ ያስፈልጋል። (ስሙ ከተንኮል ጋር ዝምድና የለውም፤ የእንግሊዝኛ ቃላት ምኅጻር ነው።) በዚህ ስልት ትንሿ «ቲ» የ«ተ»ን፣ ትልቋ «ቲ» የ«ጠ»ን ዘር ትሰጣለች። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚዞረው የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ከክፍተት ሰጪው ጋር በመጫን ነው።

ፍላሽን በሚመለከት ሊኑክስ እንዲያውም ባለውለታ ነው። በቫይረስ ምክንያት ፋይሎቹ ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክትነት የተለወጡ የሚመስሉበት ፍላሽ በሊኑክስ ሲከፈት፣ ዊንዶውስ የደበቃቸው እውነተኛ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ይታያሉ። እነርሱን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ ፍላሹን ማጽዳት እንጂ ጠፉ ብሎ ማዘን አያስፈልግም።

ሰዓቱም ያሳስታል። ሊኑክስና ዊንዶውስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲኖሩ በመካከላቸው የ3 ሰዓት ልዩነት ይታያል። ይህ ከአገራችን አቆጣጠር ጋር መምታታት የለበትም፤ የእኛው ልዩነት 6 ሰዓት ነው። የ3ቱ ምንጭ ዊንዶውስ የውስጡን ሰዓት እንደ አገር ሰዓት፣ ሊኑክስ ደግሞ እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ማንበባቸው ነው። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ግን የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ፣ ሲ.አር. 2032 የምትባለው፣ አልቃለች ማለት ነው። እርሷ ካልተለወጠች አያሌ ድረ ገጾች አይከፈቱም፤ ጥፋቱም በከንቱ በኔትወርኩ ላይ ይላከካል።

የመብራት መቋረጥን በተመለከተ፣ በሊብሬ ኦፊስ ውስጥ በየ10 ደቂቃው እንዲሆን የተወሰነውን የማስቀመጫ ጊዜ ወደ 2 ደቂቃ ማውረድ ይገባል። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ለመነሣት ቢዘገይ ዲስኩን እየመረመረ ሊሆን ስለሚችል በመካከል ማጥፋት ጉዳት ያስከትላል። በጥቁር ገጽ ላይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ጽሑፍ ቢቆምም ኮምፒውተሩ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ዲስኩ በትእዛዝ እንዲመረመር ይጠይቃል፤ ይህንንም የኮምፒውተር መምህሩ ሊሠራው ይችላል። ይኸው በየሳምንቱ የሚደጋገም ከሆነ ግን ዲስኩ ራሱ እያረጀ ነውና ፈተናዎቹና የተማሪዎች ውጤት አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጡ።