ሠልጥነው ወጡ፤ ከዚያስ?

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ተወጥቶ፣ ባሕር ዛፉ ታልፎ እንጦጦ አናት ላይ ሲደረስ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የእያንዳንዳቸው መስታወት 1 ሜትር ስፋት አለው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ብዙ የለፋበት ይህ የምልከታ ማዕከል በ2007 ዓ.ም. ተመርቋል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ለተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም የምድር ጣቢያዋ እዚያው እንጦጦ ላይ ነው። ከተራራው ሥር ጉለሌ አለ፤ እንደ መድኃኔዓለም ያሉ ነባር ትምህርት ቤቶች ያሉበት፣ በልጆች የተሞላ ሰፈር። ሳይንስን ወደ ልጆች ለማቅረብም ክረምት ሲገባ በአዲስ አበባ የኮዲንግ፣ የሮቦቲክስና የኤሌክትሮኒክስ ሥልጠና ማስታወቂያ ይበዛል፤ ወላጅም ከሌለው ላይ ቆጥቦ ልጁን ያስመዘግባል።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሪፖርት ይጻፋል። ይህን ያህል ልጆች ሠለጠኑ፣ ከእነዚህ ይህን ያህሉ ሴቶች ናቸው፣ ይህን ያህል የፈጠራ ሥራ ለዕይታ ቀረበ ይላል። ቁጥሮቹ እውነት ናቸው። ነገር ግን ምን እንደተሰጠ ነው የሚነግሩን፤ ልጁ ዘንድ ምን እንደቀረ ከእነሱ አናውቅም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በትብብር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ግቡን ያስቀመጠው በሠልጣኝ ብዛት ነው። ለአገር አቀፍ ዘመቻ ብዛት መቁጠር ተገቢ ነው። ሰርተፍኬቱን የያዘው ወጣት ከዓመት በኋላ ምን መሥራት እንደቻለ ለማወቅ ግን ሌላ ዓይነት ሥራ ይጠይቃል፤ ይህ ጽሑፍም ስለዚያ ሥራ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከምርጫው ነው። ብዙ የሳይንስ ማዕከላት ልጆችን የሚቀበሉት በክፍል ውጤታቸው ነው፤ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ የወጡት ይገባሉ። ከዓመት በኋላ እነዚህ ልጆች ከክፍል ጓደኞቻቸው በልጠው ቢገኙ የማንን ሥራ አየን? ሲገቡም በልጠው ነበር። ከመግባታቸው በፊትና በኋላ ፈትኖ ማነጻጸርም ብቻውን አይበቃም፤ በመሐሉ ልጁ አድጓል፣ የፊዚክስ መምህሩም ክፍል ውስጥ ሲያስተምረው ከርሟል። ማወቅ የምንፈልገው ይኸው ልጅ ሥልጠናውን ባያገኝ ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር ነው። ያንን ልጅ ማግኘት አይቻልም። እሱን የሚመስል ልጅ ግን ይገኛል።

የት? እዚያው የመመዝገቢያ ዝርዝር ላይ። ለ40 ወንበር 120 ልጅ ቢመዘገብ፣ ሥልጠናውን ለመከታተል የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ዕውቀት ያላቸውን ለይቶ ከእነሱ መካከል ዕጣ ማውጣት ይቻላል። የአዲስ አበባ ሰው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ለዘመድ የማያደላ ዕጣ ፍትሐዊ መሆኑንም እንዲሁ። ዕጣ የወጣላቸውና ያልወጣላቸው ልጆች በጉብዝናም በፍላጎትም በቤተሰብ ኑሮም በአማካይ ተመሳሳይ ናቸው። ስለዚህ በኋላ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት፣ ቁጥራቸው በቂ ከሆነ፣ የሥልጠናው ነው። ጎበዙ ልጅ በዕጣ መቅረቱ ያሳዝናል የሚል ይኖራል፤ እኔንም ያሳዝነኛል። ነገር ግን ወንበሩ 40 ብቻ እስከሆነ ድረስ 80 ልጅ መቅረቱ አይቀርም። ለቀሩት በሚቀጥለው ዙር ቅድሚያ መስጠት ይቻላል።

ይህ በከተማችን ያልተሞከረ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ግሩም አበበና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ ያካሄዱትና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ወጣቶቹን በዕጣ ከፋፍሏል። አንዱ ቡድን ሥራ ለመፈለግ የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው። ሌላው የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ወስዶ፣ ችሎታው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። በመጀመሪያው ክትትል ሁለቱም ድጋፎች ወጣቶቹ የተሻለ ሥራ እንዲያገኙ በመጠኑ ረድተው ነበር። ተመራማሪዎቹ እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ሁለቱ እኩል ናቸው በተባለ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ግን የሥልጠናው ቡድን ገቢ 20 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ አገኙት፤ የትራንስፖርቱ ቡድን ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። ልዩነቱን የገለጠው ጊዜ ነው። በምረቃው ቀን የተሞላ መጠይቅ ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ስለ መጠይቅ ካነሳን፣ የሠልጣኝ ምስጋና ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያሳይ አንድ የቆየ የአሜሪካ ታሪክ አለ። በ1939 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ግዛት 506 ወንድ ልጆች ጥንድ ጥንድ ተደርገው፣ ከየጥንዱ አንዱ ለዓመታት ምክር፣ የትምህርት ድጋፍና የክረምት ካምፕ አገኘ። ከ30 ዓመት በላይ ቆይታ ጆአን ማኮርድ የተባለች ተመራማሪ ፈልጋ ስታገኛቸው፣ ድጋፉን ካገኙት አብዛኞቹ ጠቅሞናል አሏት። መዝገቡ ግን ሌላ ተናገረ፦ በወንጀል፣ በመጠጥና በጤና ረገድ ድጋፍ ያገኙት ካላገኙት ብሰው እንጂ ተሽለው አልተገኙም። የማነጻጸሪያ ቡድን ባይኖር ኖሮ ምስጋናው ብቻ ይቀር ነበር።

ታዲያ የሳይንስ ሥልጠና የወሰደን ልጅ ምን እንጠይቀው? የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ የማስታወስ ችሎታን ይለካል፤ ተማሪዎቻችን ደግሞ በማስታወስ አይታሙም። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያጄ ከተጠቀመባቸው ፈተናዎች አንዱን እዚህ በክርና በድንጋይ ማዘጋጀት ይቻላል። አጭርና ረጅም ክር፣ ቀላልና ከባድ ድንጋይ ለልጁ ይሰጠዋል። ድንጋዩ በክር ታስሮ ሲወዛወዝ ደርሶ የመመለሻ ጊዜውን የሚወስነው የክሩ ርዝመት ነው ወይስ የድንጋዩ ክብደት? መልሱን አትንገረኝ፤ እንዴት እንደምታውቅ አሳየኝ ይባላል። ክሩንም ድንጋዩንም በአንዴ የሚቀይር ልጅ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ሊለይ አይችልም። ክሩን እንዳለ ትቶ ድንጋዩን ብቻ፣ ቀጥሎ ድንጋዩን እንዳለ ትቶ ክሩን ብቻ የሚቀይረው ግን ሙከራ ማለት ምን እንደሆነ ገብቶታል። ከላይ ስለ ዕጣው ያልኩትም ከዚህ አይለይም፤ ሌላውን ሁሉ እኩል አድርጎ አንዱን ብቻ መቀየር ነው። ልጆችን ይህን የሚያስተምር ማዕከል ራሱንም በዚሁ መንገድ መመርመር ይገባዋል።

ፈታኙም አሠልጣኙ ራሱ መሆን የለበትም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። የአገሪቱ ተማሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ሰነፎች አልሆኑም፤ መለኪያው ጠበቀ እንጂ። የገዛ ሠልጣኙን የሚያርም ማዕከልም፣ ሳያስበው እንኳ፣ እጁ ይላላል።

ሌላው የሚዘነጋው አቋርጦ የሚሄደው ልጅ ነው። በሽሮ ሜዳ ዙሪያ ከትምህርት ቤት መልስ ድውር የሚያዳውር የሸማኔ ልጅ አለ፤ ከእናቷ ጋር እንጀራ የምትጋግርም አለች። ሁለቱም በሦስተኛው ሳምንት ሊቀሩ ይችላሉ። እነሱን ሰርዞ የጨረሱትን ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት፣ ጊዜ ያለውን ልጅ ውጤት የሁሉም አድርጎ ያቀርባል። ዕጣ የወጣለት ሁሉ፣ ቢያቋርጥም፣ በስሌቱ ውስጥ መቆየት አለበት። ያኔ የሥልጠናው ሰዓት ለማን እንደማይመች በግልጽ ይታያል፤ ሰዓቱን መቀየር ደግሞ አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት ይረክሳል።

ለትንሽ የትምህርት ቤት ክበብ ይህ ሁሉ ከባድ ይመስል ይሆናል። 20 ልጅ ያለው ክበብ አስተማማኝ ንጽጽር ሊሠራ አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። በአንድ ክፍለ ከተማ ያሉ ክበቦች ግን አንድ ዓይነት ፈተና ከተጠቀሙና ዝርዝራቸውን ካዋሃዱ ቁጥሩ ይበቃል። እናንት የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን፣ የክበብ ኃላፊዎችና ገንዘብ የምትሰጡ ድርጅቶች፦ የሚቀጥለው የክረምት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር አዘጋጁ። ያልገቡትንም ጨምሮ የተመዝጋቢ ሁሉ ስምና የወላጅ ስልክ ይያዝ። ሥልጠናው ሳይጀመር ሁሉም ይፈተኑ። ከዓመት በኋላ ደውሎ ሁሉንም የሚፈልግ፣ በማሠልጠኑ እጁ የሌለበት ሰው አሁኑኑ ይመደብ፤ በጀቱም ከሥልጠናው በጀት ጋር አብሮ ይጽደቅ።