ያልተቆረጠው ደረሰኝ

ጥቅምት በገባ ቁጥር ቢሮዬ በፌስታል ይሞላል። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ሒሳቡን ዘግቶ የሚያሳውቅበት የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 ነው። ከሐምሌ 1 ጀምሮ አራት ወር እያለለት አብዛኛው ሰው የሚመጣው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ደረሰኙን በሱቅ ፌስታል ቋጥሮ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥና «እንግዲህ እንደምታደርጊ አድርጊው» ብሎኝ ይሄዳል።

ፌስታሉን ስፈታ መጀመሪያ የማደርገው ደረሰኞቹን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ነው። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት እንጂ በቀለም አይታተምም። መስኮት አጠገብ የከረመው፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ የመታው፣ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ዓመት ሳይሞላው ይደበዝዛል። መጀመሪያ ቀኑ ይጠፋል፣ ቀጥሎ የሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በመጨረሻም ድምሩ። የታክስ ኦዲተሩ ደግሞ እስከ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል። ነጭ ወረቀት ይዞ «ይህ የ80 ሺህ ብር ግዢ ነበር» ማለት አያዋጣም። ስለዚህ ሌላ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሁሉንም ፎቶ ኮፒ አስደርጋለሁ። ወጣት የሒሳብ ሠራተኞችን ሳሠለጥንም የመጀመሪያው ትምህርቴ ይኸው ነው።

ለብዙ ዓመታት ያስቸገረኝ ግን የደበዘዘው አይደለም። ከመጀመሪያውም ያልተቆረጠው ነው።

መርካቶ ውስጥ የቧንቧ ዕቃና የውሃ ፓምፕ የሚሸጡ አንድ ደንበኛ አሉኝ። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። እንደ አባት ስለማያቸው «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል። ሁለት መዝገብ አላቸው። አንደኛው እኔ የምሠራው ነው። ሁለተኛው በኪሳቸው የምትዞር፣ ጠርዟ የተላጠች፣ በእርሳስ የተጻፈባት ደብተር ናት። አንድ ጥቅምት ላይ ደብተሯን አወጡና ፊቴ ዘረጉልኝ። ከዚያ ቀን በፊት አሳይተውኝ አያውቁም።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ሌባ እንዳልመስልሽ። እስቲ ይቺን አንድ ፓምፕ ብቻ አስይልኝ።»

አሰላሁት። ፓምፑን በ8,000 ብር ያለ ደረሰኝ ገዝተው በ9,000 ሸጠዋል። ትርፋቸው አንድ ሺህ ነው። ይህን ሽያጭ በማሽን ቢቆርጡት ከ9,000 ብሩ ውስጥ 1,174 ብሩ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። የገዙበት ደረሰኝ ስለሌላቸው የሚያቀናንሱት የለም፣ ሙሉውን ይከፍላሉ። በዚህ ብቻ ትርፋቸው አልቆ ከኪሳቸው መጨመር ጀመሩ ማለት ነው። ቀጥሎ የገቢ ግብር ይመጣል። ወጪ ያልተመዘገበለት ሽያጭ በሙሉ እንደ ትርፍ ስለሚታይ ከቀሪው 7,826 ብር ላይ በ35 በመቶ 2,739 ብር ይጠየቃሉ። አንድ ሺህ ብር ላተረፉበት ዕቃ ከ3,900 ብር በላይ ግብር። ያው ፓምፕ በደረሰኝ ተገዝቶ በደረሰኝ ቢሸጥ ኖሮ ግን ታክሱም ግብሩም ተደምሮ 435 ብር ግድም ነበር።

ካልኩሌተሩን አዙሬ አሳየኋቸው። «አየሽ» አሉኝ፣ «እኔ 435ቱን እምቢ አላልኩም።»

እውነታቸውን ነው። ስለ ግብር ስወራ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናየው መጨረሻ ላይ የቆመውን ባለ ሱቅ ነው። ደረሰኝ ግን ሰንሰለት ነው። ከላይ የተበጠሰ እንደሆነ ከታች ያለው ሰው ሐቀኛ ለመሆን ከትርፉ በላይ መክፈል አለበት። ይህን የሚችል ነጋዴ በሙያ ዘመኔ አላጋጠመኝም።

ታዲያ ሰንሰለቱ የት ተበጠሰ? ጋሼ የሚገዙት ከጅምላ ሻጭ ነው። ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ የማይሰጠው አስመጪው ስላልሰጠው ነው። አስመጪው ጋ ስንደርስ ነገሩ ወደ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይመራናል። ዶላር በባንክ በወረፋ፣ ያውም ለጥቂቱ ብቻ በሚገኝበት ዘመን ብዙው አስመጪ ለዕቃው ከሚከፍለው ገንዘብ ጥቂቱን በባንክ፣ ብዙውን በጥቁር ገበያ ይልክ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት የጥቁር ገበያው ምንዛሪ ከባንኩ እጥፍ ግድም ደርሶ ነበር። በባንክ ያልተላከው ገንዘብ በኢንቮይስ ላይ ሊታይ አይችልም። ስለዚህ 100 ሺህ ዶላር የወጣበት ኮንቴይነር በ30 ሺህ ተመዝግቦ ይገባል። ቀረጡ በዚያው ልክ ያንሳል፣ አስመጪውም ለጊዜው ይጠቀማል። ዕቃው መጋዘን ሲደርስ ግን ይቸገራል። በወረቀት 30 ሺህ የሆነውን በእውነተኛ ዋጋው በደረሰኝ ቢሸጠው 70 ሺህ ዶላሩን ሁሉ አተረፈ ይባላል። በጥቁር ገበያ የገዛሁት ዶላር ነው ብሎ ወጪ ማስያዝም አይችልም። ያለው አማራጭ ያለ ደረሰኝ መሸጥ ነው። መርካቶ ድረስ የሚወርደው ዝምታ እዚያ ይጀምራል።

ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ በባንኩና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ርቀት ጠቧል። ልማዱ ግን በአንድ ጀምበር አይሞትም።

ኪራይም እንደዚሁ ነው። አከራዩ «ውሉ ላይ 15 ሺህ ይጻፍ፣ ቀሪውን 45 ሺህ በእጅ ትሰጠኛለህ» ይላል። ቦታው ከእጁ እንዳይወጣ የሚፈራ ተከራይ ይፈርማል። በየወሩ 45 ሺህ ብር ወጪው መዝገብ ላይ የለም። መዝገቡ የሌለ ትርፍ ያሳያል፣ ነጋዴውም ያንን ትርፍ ለማጥፋት ሽያጭ መደበቅ ይጀምራል። የአንዱ ስወራ ሌላውን ሰው ሰዋሪ ያደርጋል።

ይህን ክፍተት ያየ ሌላ ገበያ ተፈጥሯል። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና ማሽን ያለው፣ ዕቃ ግን የሌለው ደረሰኝ ሻጭ። የሚሸጠው ወረቀቱን ብቻ ነው፣ ከተጻፈው መጠን ላይ በመቶኛ ይቀበላል። ወጪ ያጣ ነጋዴ ወጪ ይገዛል። ገቢዎች ሚኒስቴር እንዲህ ያሉትን ድርጅቶች ስም ይፋ ያወጣል፣ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ም ድርጊቱ በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ሻጩ አንድ ቀን ማሽኑን ትቶ ይሰወራል። ከእሱ የገዛው ነጋዴ ግን ሱቁን ትቶ የትም አይሄድም። ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ ኦዲተሩ ሲመጣ ወጪው ሁሉ ውድቅ ይሆንና ግብሩ ከወለድና ከቅጣት ጋር ይከመርበታል። እንዲህ ያለ ውሳኔ ደርሶት ከፊቴ ወንበር ላይ ቃል ሳይተነፍስ የተቀመጠ ሰው አይቻለሁ። ሚስቱ ደውላ «ምን አሉህ?» ስትለው ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሥራ በጀመርኩበት ድርጅት ውስጥ ለባንክ የሚቀርበውንና ለግብር የሚቀርበውን ሒሳብ ለየብቻ ሠርቼያለሁ። ለብድር የሚቀርበው ላይ ድርጅቱ ያብባል፣ ለግብር የሚቀርበው ላይ ይከስራል። ዓመቱም ማኅተሙም አንድ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ደመወዙም ያስፈልገኝ ነበር። አሁን ሳስበው የሚከብደኝ ማንም አለማስገደዱ ነው። አለቃዬ ሁለት ባዶ ክላሰር ሰጠኝ፣ እኔም የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ሳይነገረኝ ገባኝ። ሙያዬ ስለ ግብር ስወራ ሲወቀስ ባለሙያው የለበትም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ይህን ለማለት አፍ የለኝም።

የዚህ ሁሉ ዕዳ የት እንደሚያርፍ የማየው የደመወዝ ሰነድ ስሠራ ነው። ለአንድ የግል ትምህርት ቤት በየወሩ ፔይሮል እሠራለሁ። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ስሌት 9,000 ብር ከሚከፈለው መምህር 1,745 ብር ግብር፣ 630 ብር ጡረታ ተቆርጦ እጁ የሚገባው 6,625 ብር ነበር። መምህሩ ደረሰኝ ልቁረጥ አልቁረጥ ብሎ አያስብም። ገንዘቡን ሳያየው ግብሩ ይሄዳል። ከግብር ነፃ የነበረው የደመወዝ ጣሪያ 600 ብር ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዘይትና ጤፍ የት እንደ ደረሱ አንባቢ ያውቃል። ጣሪያው ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 መጨረሻ በወጣው ማሻሻያ ነው። አንድ መምህር «እኔ ከአንድ ባለ ሕንፃ በላይ እከፍላለሁ ይባላል፣ እውነት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ውላቸው ላይ 15 ሺህ የተጻፈላቸውን አከራዮች አስታወስኩና ዝም አልኩ።

አገር ደግሞ ያልተሰበሰበውን ግብር ዝም ብላ አትተወውም። የታክስ ገቢያችን ከዐሥር ዓመት በፊት ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 12 በመቶ ግድም ነበር። በ2016 ከ8 በመቶ በታች ወርዷል። ጦርነቱም የዶላር እጥረቱም ድርሻ አላቸው፣ ሁሉንም በነጋዴ ማላከክ ትክክል አይሆንም። መንግሥት ግን ገቢው ሲያንሰው ለዓመታት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ነበር። እንዲህ ያለው ብድር በገበያው ውስጥ ያለውን ብር ያበዛል፣ ዋጋም ያንራል። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከሱቁ ያልተሰበሰበው ግብር ከመምህሩ ጤፍ ላይ ተሰበሰበ ማለት ነው፣ ያውም ያለ ደረሰኝ።

ገቢ ሰብሳቢው ሲነቃ ደግሞ የሚሄደው ቅርብ ወደሆነው ነው። በ2009 ሐምሌ የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ ትንንሽ ነጋዴዎች በየከተማው ተቆጥተው ወጡ። በኅዳር 2017 ደግሞ በመርካቶ የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠብቅ፣ ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬም ሲናፈስ ሱቆች ተዘጉ። ቁጥጥሩ ስሕተት ነው አልልም። ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ገበያ ግብር ከፍሎ አያውቅም። ነገር ግን ተቆጣጣሪው የቆመው የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ነው። ያንኑ ያህል ሰው ጉምሩክ መጋዘን በር ላይ፣ ኮንቴይነሩ ሲፈታና ለጅምላ ሻጩ ሲከፋፈል ቢቆም ጋሼ የሚገዙበት ደረሰኝ ያገኙ ነበር። ዲክላራሲዮኑን ከገበያው ዋጋ፣ የኪራይ ውሉን ከጎረቤቱ ሕንፃ ውል ጋር ማስተያየት ከባድ ሥራ አይደለም። መረጃው በመንግሥት እጅ አለ። ከባድ የሚሆነው አስመጪውና ባለ ሕንፃው ከባለ ሱቁ ይልቅ ስልክ የሚደውሉለት ሰው ስላላቸው ነው። ይህን የምጽፈው ሲደወል ፊት ለፊት ተቀምጬ ስለ ሰማሁ ነው።

ጋሼ ባለፈው ዓመት አንድ ነገር ሞከሩ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ በደረሰኝ የሚሸጥ አስመጪ አገኙና አርባ ፓምፕ ወሰዱ። በአንዱ ላይ 900 ብር ጨምሮባቸዋል። ሁሉንም በማሽን ቆርጠው ሸጡ። በዚህ ጥቅምት ሲመጡ የአርባዎቹ ግዢ ደረሰኞች በወፍራም ፖስታ ውስጥ ነበሩ፣ አስቀድመውም ፎቶ ኮፒ አስደርገዋቸዋል። ለመሸጥ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀባቸው ጠየቅኋቸው።

«ሰባት ወር። ጎረቤቴ ያንኑ ፓምፕ በርካሽ ሲሸጥ፣ ገዢው እኔ ጋ ዋጋ ይጠይቅና ወደ እሱ ይሄዳል። የገዙኝ ደረሰኝ ካላመጡ ቢሯቸው የማይከፍላቸው ሠራተኞች ናቸው።»

ደብተሯን ከኪሳቸው አወጡ። የአርባዎቹ ፓምፖች ገጽ ባዶ ነበር። ከሱ ቀጥሎ ያሉት ገጾች ግን እንደ ድሮው በእርሳስ ተሞልተዋል።

«ዘንድሮስ ልድገመው ወይ?» አሉኝ።

ካልኩሌተሩን ወደ ራሴ ሳብኩና እንደገና ከፓምፑ ዋጋ ጀመርን።