የጾም ዕንቁላል ለፋሲካ ገበያ

ሁዳዴ ሲገባ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገበያ የዕንቁላል ፈላጊ ይጠፋል። ዶሮዋ ግን አትጾምም፤ በ55ቱ ቀናት የጣለችው በርካሽ ይሸጣል ወይም ይበላሻል። ፋሲካ ሲቃረብ ዋጋው ይወጣል።

ለዚህ ችግር ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ ሶዲየም ሲሊኬት ነው። ከአሸዋና በአቢያታ ሐይቅ ከሚገኘው ዓይነት ሶዳ አሽ የሚሠራ ሲሆን፣ የሳሙናና የካርቶን ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በተካሄደው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ቤተሰቦች ዕንቁላል አቆይተውበታል። የቅርፊቱን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን አየርና ተሕዋስያን በቀላሉ አይገቡም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሶዲየም ሲሊኬት፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አሥር ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። አዲስ የተጣለ፣ ንጹሕ፣ ያልታጠበና ያልተሰነጠቀ ዕንቁላል ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ይደረደራል፤ ፈሳሹም ፈጽሞ ይሸፍነው። በቀዝቃዛ ቦታ ለወራት ይቆያል። ኬሚካሉ ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ በጓንት ይሠራ፤ ከሕፃናትም ይራቅ። ዕንቁላሉ ከመሰበሩ በፊት ይታጠብ፤ በሚገባም ይብሰል።

የማኅበር መሪዎች የጤናና የግብርና ባለሙያ ሳያማክሩ፣ የኬሚካሉንም ንጽሕና ሳያረጋግጡ እንዳይጀምሩ። በመጀመሪያ በአንድ ባልዲ ይሞከር። ለገዢውም ዕንቁላሉ የቆየ መሆኑ ይነገረው፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ደንበኛ አይመለስምና።