ከማማው የማይወርድ ጠባቂ

በቆቦና በራያ ቆላ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ በየማሳው ማማ ይቆማል። ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ ይወጣል፤ ግሪሳ ሲመጣ ይጮኻል፣ ይወነጭፋል፤ ወፉ ሲሸሽ ያርፋል። አንጎላችንም እንዲህ ያለ ጠባቂ አለው። ኦሲዲ በሚባለው ሕመም ግን ግሪሳው ከሄደ በኋላም ጠባቂው መጮኹን አይተውም።

ሕመሙ ሁለት ገጽ አለው፦ ሳይፈልጉት የሚመላለስ አስጨናቂ ሐሳብ፣ ጭንቀቱን ለማብረድ ደግሞ የሚደጋገም ድርጊት። እጅ ቆዳው እስኪላጥ ይታጠባል፤ የተቆለፈ በር ደጋግሞ ይፈተሻል። አንዳንዴ የእምነት መልክ ይይዛል። ክርስቲያኑ ጸሎቱን አጓደልኩ ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ሙስሊሙ ውዱእ አልሞላልኝም ብሎ እንደገና ይታጠባል። ሙስሊሞች ይህን ጥርጥር ወስዋስ ይሉታል። ታማሚው ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከልክ ማለፉን ያውቃል፤ መተው ግን ያቅተዋል። እምነቱ ደከመ፣ ሰነፈ እያሉ መውቀስ በቁስሉ ላይ እንጨት መስደድ ነው።

ታዲያ በአንጎል ውስጥ ምን ይሆናል? ከዓይን ጉድጓድ በላይ ያለው የፊተኛው ክፍል «አንድ ነገር ተበላሽቷል» የሚል ምልክት ይልካል። ምልክቱ ስትራያተም ወደሚባለው ጥልቅ ክፍል ይወርዳል፤ በታላመስ በኩልም ተመልሶ ወደ ፊት ይወጣል። የራያ ገበሬ ከደጋ የወረደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ሲጠጣ የቦዩን አፍ ይዘጋል። ስትራያተም የሚሠራው እንዲህ ነው። በኦሲዲ የቦዩ አፍ በደንብ የማይዘጋ ይመስላል፤ ምልክቱም ሳይቆም ይዞራል።

ለዚህ ማስረጃ አለ። የቪየናው ሐኪም ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ እ.ኤ.አ. በ1917 የገለጸው የአንጎል ብግነት ካለፈ በኋላ፣ ከተረፉት አንዳንዶቹ ይህን ሕመም የሚመስል አስገዳጅ ሐሳብና ድርጊት ታይቶባቸዋል። በሽታው ከሚጎዳቸው ክፍሎች አንዱ ያው ጥልቅ አካባቢ ነበር። በልጆች ላይም በስትሬፕቶኮከስ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሰውነት ለመከላከል ያወጣው ኃይል ዞሮ አንጎልን ሲያጠቃ፣ ሲደንሃም ኮሪያ የሚባል፣ ሰውነትን ያለ ፈቃድ የሚያወራጭ ሕመም ያመጣል። አንዳንዶቹ ልጆች ተመላላሽ ሐሳብም ይታይባቸዋል። የልጅን ጉሮሮ እንጥል ነው ብሎ ከማስቆረጥ ሐኪም ማሳየት ለአንጎሉም ይበጃል።

ዘርም ድርሻ አለው። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ የታመመበት ሰው ከሌላው በአራት እጥፍ ገደማ የበለጠ ይጋለጣል። ያም ሆኖ ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ሁልጊዜ አብረው አይታመሙም፤ ስለዚህ ዘር ብቻውን አይወስንም።

ሴሮቶኒን የተባለው የነርቭ መልእክተኛም በዚህ ውስጥ ይነሣል። ክሎሚፕራሚንና ፍሉኦክሴቲን፣ ሴሮቶኒን በነርቮች መካከል እንዲቆይ እያደረጉ ብዙዎችን ያሻሽላሉ። ይህ ግን የሕመሙ መነሻ የሴሮቶኒን ማነስ ነው ማለት አይደለም፤ ራስ ምታትን አስፕሪን ቢያስታግሰው የአስፕሪን እጦት ያመጣው እንዳልሆነ ሁሉ። መድኃኒቱ እስኪሠራ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚያጽናናው እ.ኤ.አ. በ1992 በካሊፎርኒያ የታየው ነው። ተመራማሪዎች ታማሚዎችን ከሕክምና በፊትና በኋላ በአንጎል ምስል መረመሩ። ከፊሎቹ ፍሉኦክሴቲን ወሰዱ፤ ከፊሎቹ ያለ መድኃኒት የባሕርይ ሕክምና ተከታተሉ፤ የሚፈሩትን እየነኩ አለመታጠብን ተለማመዱ ማለት ነው። ከሁለቱም ወገን በተሻላቸው ሰዎች አንጎል የስትራያተም አንድ ክፍል ሥራው ረገበ። አንጎል እጅን እንደሚያዝ ሁሉ የታገሠ እጅም አንጎልን ያርማል።

ለረጅም ዘመን የአእምሮ ታማሚ መሄጃው አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ዛሬ ከቆቦ ለተነሣ ሰው ደሴም ሕክምናው አለ። ጠበሉም ዱዓውም ሳይቀር ሐኪም ዘንድ መሄድ ይቻላል። የቤተሰብ ድርሻ ደግሞ «በቃ፣ ተወው» ብሎ መቆጣት አይደለም፤ ጭንቀቱ ሳይታጠቡም እንደሚበርድ ታማሚው እስኪያይ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ጠባቂውም ከማማው የሚወርደው ያን ጊዜ ነው።